የማይፋቀው ሽያጭ

የአባ ቢምረው ፍራሽ ደረጃው ላይ ተጋድሟል። ካፖርታቸው፣ ሬዲዮናቸው፣ የመድኃኒት ብልቃጣቸው ሳይቀር በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ታጭቆ ግድግዳውን ተደግፏል። የሟች ሚስታቸው ፎቶ ከአንዱ ከረጢት አፍ ብቅ ብሎ ይታያል። ሰውየው ራሳቸው በገዛ በራቸው ፊት፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እስቲ አሁን ይሄ ለሽማግሌ የሚደረግ ነው?

መርማሪ ኦሸሪት ሦስተኛው ፎቅ ስትደርስ ቁልፍ ሠሪው አዲሱን ቁልፍ ገጥሞ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«ማነው የላከህ?» አለችው በዕብራይስጥ።

«የቤቱ ባለቤት» ብሎ ስልኩን አሳያት። ባለቤት በሚለው ቦታ የሰው ስም የለም። አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው፤ አድራሻውም የፖስታ ሣጥን።

«ባለቤቱማ እኔ ነኝ» አሉ አባ ቢምረው ካሉበት ሳይነሡ። «ሐኪም ቤት ውዬ ስመጣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ቁልፌ እምቢ አለኝ። ከውስጥ ድምፅ ሰማሁና ሬቩታል መስላኝ ‹ክፈቺ› አልኳት። የማላውቀው ጎረምሳ ነው የከፈተው። ፍራሼን እያየሁት ጎትቶ አወጣና ሄደ።»

ከእሷ በፊት ሁለት ፖሊሶች መጥተው፣ «ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ጠበቃ ያዙ» ብለዋቸው ሄደዋል። ኦሸሪት ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ባሕሩ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች የአንዱ ጌታ ፍራሽ ደጅ ቢወጣ እንዲህ ብለው ይሄዱ ነበር?

«አባ፣ ይህን ቤት ሸጠው ነበር? የፈረሙት ነገር አለ?»

«ለማንም አልሸጥኩም። ለልጅ ልጄ ለሬቩታል ነው የማወርሰው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በእጄ ነው ያደገች። ከዚህ ቤት ሌላ የምሰጣት የለኝም።» ቀና ብለው አዩአት። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአፉላ ልጅ ነኝ። እናቴ አበሩ ትባላለች። ወደ አሽዶድ ከተዛወርኩ ገና ነው።»

«እንግዲያ አንቺ ፍረጂኝ» አሉ።

የአባ ቢምረው ሕንፃ ታቡ፣ ማለት የመንግሥት የመሬት መዝገብ፣ ገብቶ የማያውቅ የድሮ ሕንፃ ነው። የትኛው አፓርታማ፣ እነሱ ዲራ የሚሉት፣ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ያሠራው የግል ኩባንያ ብቻ ነው። ይኸው ኩባንያ የቆየውን ወረቀት ጥሎ መዝገቡን በሙሉ ብሎክቼይን በሚሉት ነገር ላይ አስፍሮታል። በብዙ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ የሚጻፍ፣ ገጹ ከገጽ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ፣ ማንም የማይፍቀው መዝገብ ነው አሉ። የኩባንያው ኃላፊ ኦርና ይህን ስታስረዳ ፊቷ በኩራት ይበራ ነበር።

«ስህተት የለም» አለች። «ሽያጩ የተፈጸመው በባለቤቱ ቁልፍ ነው።»

«ምን ዓይነት ቁልፍ?»

«ሰባት ቃል። እያንዳንዱ ባለቤት ራሱ ይመርጥና ስልክ ላይ ይናገራቸዋል። ከዚያ በኋላ ከየትኛውም ስልክ ሰባቱን በቅደም ተከተል የተናገረ ሰው ባለቤቱ እሱ ነው። እኛ እንኳ አናውቃቸውም።»

«ድምፁ የማን እንደሆነ አታዩም?»

«ድምፅ በጉንፋንም ይለወጣል። ቃሉን ብቻ ነው የምናየው።»

«ስለዚህ ሌባ ቢናገራቸውም ባለቤት ነው።»

«ሌባ ከየት ያውቃቸዋል?» አለች ኦርና። «ሰውየው ካልነገሩት በቀር።»

ኦሸሪት ጥርሷን ነከሰች። ሽማግሌ ቤቱን ሲቀማ ጥፋቱ የሽማግሌው፣ ማሽኑ ግን ንጹሕ። «ሽያጩ ይሰረዝ ብልሽስ?»

«እዚያ ላይ የሰፈረ አይፋቅም። ጥንካሬው እሱ እኮ ነው። ደግሞ አዲሱ ባለቤት ዲራውን ለሽያጭ አውጥቶታል። ለንጹሕ ገዢ ከተላለፈ በኋላ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም።»

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ሰባቱ ቃል የተነገረበት ስልክም ቢፈለግ፣ ያለ ስም ተገዝቶ የተጣለ ሆኖ ተገኘ።

ሽማግሌዎች በሚውሉበት ሞአዶን ስትደርስ አባ ቢምረው በሰው ተከብበዋል። ከሁሉ በላይ የሚሰማው ድምፅ የአባ ዳኘው ነበር። አባ ዳኘው ዘር ዐዋቂ ናቸው። የአሽዶድ ሰው ልጁን ሊድር ሲያስብ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው፤ «ይሁን» ካሉ ይሆናል፣ «ዘመድ ናቸው» ካሉ ይቀራል።

«ሚሽታራው፣ ፖሊሱ፣ ለእኛ መች ደርሶ ያውቃል?» አሏት ገና ስትገባ። «ልጆቻችንን መንገድ ላይ ሲያስቆም ነው የምናየው። ይህን ሰው ሜዳ ላይ የጣለውን ካላመጣሽ፣ ያን መታወቂያሽን መልሽላቸው።»

ኦሸሪት አንገቷን ደፋች። እውነታቸውን ነው አለች በልቧ። አባ ቢምረውን ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

«አባ፣ ሰባቱን ቃል ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።»

«ለሬቩታልስ?»

«ለእሷም። ያ ሻኬድ የሚሉት የኩባንያው ልጅ እዚሁ መጥቶ አንድ በአንድ ሲመዘግበን፣ ‹የማትረሱትን ነገር ምረጡ፤ ለቄስም ቢሆን እንዳትናገሩ› ብሎናል። እሱም እኔ ስናገር ከክፍሉ ወጥቶ ነበር። እኔ ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም።»

«እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ።»

«ምነው ልጄ? ምስጢር አይደለም እንዴ?» አሉና አፋቸውን ዘጉ። ብትለምናቸው፣ ብትቆጣቸው፣ ወይ ፍንክች።

ጠርጥር ከገንፎም ይኖራል ስንጥር እንዲሉ፣ መጀመሪያ የጠረጠረችው ሻኬድን ነበር። በር ላይ ጆሮውን ጥሎ ቢሰማስ? ልጁ ግን ሽያጩ ሲፈጸም ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ለሚሉዊም፣ ተጠርቶ ሰሜን ድንበር ላይ ነበር። ስልኩን ካምፑ ሰብስቦ ይዞት እንደነበር አዛዡ መሰከረ። ሻኬድ ራሱ ነገሩን ሲሰማ እንባው መጣ፤ የገዛ አያቱንም የመዘገባት እሱ ነው።

«ጊዜ አታባክኚ» አላት አለቃዋ ናፍታሊ። «ሁሌም ቤተሰብ ነው። የልጅ ልጅቷን አምጫት።»

«ቤቱ እኮ ለእሷ ነው የሚወረሰው። የራሷን ነው የምትሰርቀው?»

«ሰውየው እስኪሞቱ መጠበቅ ሰልችቷት ይሆናል። ተጠርጣሪ ሳይኖር ዳኛ እግድ አይሰጠኝም። ቤቱ ከተሸጠ ደግሞ አለቀ።»

ሬቩታል የወደቡ በር ጠባቂ ናት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች፤ ለምን እንደተጠራች ሲገባት ቀይ ፊቷ አመድ መሰለ። ሽያጩ በተፈጸመ ሰዓት ወደቡ በር ላይ ቆማ የጭነት መኪና ስትፈትሽ ካሜራው ቀርጿታል። እንግዲህ እሷም አይደለችም።

«ከአያትሽ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?» አለቻት ኦሸሪት።

«ከሳባ ጋር? አንድ ጊዜ።» ልጅቷ ጣቶቿን ማፍተልተል ያዘች። «አዲኤል የሚባል ልጅ ሊያገባኝ ነበር። ሳባም ወዶት፣ ‹ዲራውን በስምሽ አዛውሬ አብረን እንኖራለን› ብሎ ነበር። ኋላ ሽማግሌዎች ዘመድ ናችሁ አሉን። አምስተኛው ትውልድ ላይ የሁለታችን አያቶች ወንድማማች ናቸው፣ የአንድ እናት ልጆች። ሳባ ‹ካሉ አሉ ነው› አለኝ። ወር ሙሉ አላናገርኩትም።»

የተከለከለ ሙሽራ ቂም ይይዛል። ቤቱንም ያውቀዋል። ኦሸሪት አዲኤልን ፍለጋ ወደ ሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ነዳች። ልጁ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ላይ ነበር፤ የመጣችበትን ስትነግረው ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

«እኔ ነኝ የሰረቅኩት?» አለ። «እኔ ነኝ እንጂ የተሰረቅኩት። ልጅቷን ወሰዱብኝ። የት ሄጄ ልክሰስ?»

«ዝምድና ከተገኘ ምን ይደረጋል?»

«ዝምድናው እኮ ስድስተኛው ላይ ነው፤ ያውም በአንዲት እህት በኩል። ያ እኔን ከሬቩታል ይለየኛል?»

የኦሸሪት እስክሪብቶ እጇ ላይ ቀረ። «አምስተኛው ላይ አይደለም? በሁለት ወንድማማቾች?»

«ማን አለሽ? አባ ዳኘው ራሳቸው ቤታችን መጥተው ለአባቴ የነገሩት ስድስተኛው ላይ ነው።»

«ሁለቱ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ ተነጋግረዋል?»

«ዘመድ ናችሁ ከተባለ በኋላ ማን ይነጋገራል? ነውር ነው። ያኛውም ቤቱን ዘጋ፣ እኛም ዘጋን።»

ለአንዱ ቤት አንድ ታሪክ፣ ለሌላው ቤት ሌላ ታሪክ። ዘር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። እንግዲያ ሆን ብሎ ነው። ግን ሁለት ልጆች ቢጋቡ ለአባ ዳኘው ምን ይጎድልባቸዋል? ኦሸሪት ቆማ አሰበች። ልጆቹ ቢጋቡ ዲራው ወዲያው ወደ ሬቩታል ስም ይዛወር ነበር። ከሽማግሌው ቁልፍ ይወጣ ነበር።

«አባ ቢምረው ዘራቸውን የቆጠሩት ማን ፊት ነው?»

«አባቴ ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አባ ዳኘው ነበሩ። ሰውየው ብድግ ብለው ሰባቱን ሲቆጥሩ ብታዪአቸው፣ ከኩራታቸው ብዛት ዱላቸውን ረሱት።»

ሰባቱን አለች ኦሸሪት በሆዷ። መኪናዋን አስነሥታ በቀጥታ ወደ ሞአዶኑ በረረች።

«አባ» አለቻቸው፣ «ለስልኩ የነገሩት የአባቶችዎን ስም ነው?»

አባ ቢምረው ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ለአማች ሲቆጥሩ ሰው ፊት ተናግረውታል እኮ።»

«እሱማ ዘር ነው» አሉ፣ የሕፃን ጥያቄ የተጠየቁ ያህል። «ልጅህን ላግባ ብሎ ለመጣ ሰው ዘሬን ካልቆጠርኩለት ምን ልበለው? አባት የሌለኝ ነኝ ልበለው? ምስጢሩን ለማንም አልነገርኩም። አባቶቼን ግን እንዴት እደብቃለሁ?»

የማይረሳ ነገር ምረጥ የተባለ የጎንደር ሽማግሌ ሌላ ምን ይመርጣል? የምስጢር ቁልፉን፣ ለጠየቀው ሁሉ ቆሞ እንዲናገረው የጋብቻ ወጉ ያዘዘውን ነገር አደረገው። ይህን ያወቀ ሰው ቤት ለመዝረፍ ሰርሳሪም አያስፈልገው። ሽማግሌ ሆኖ መላክ ብቻ ይበቃዋል።

ናፍታሊ ሁሉን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቷል። ስለ ዝምድና የዋሸ ሰው ቤት ሰርቋል ማለት አይደለም። ማስረጃ አምጪ።»

ማስረጃው ከአፉላ በአውቶቡስ መጣ።

«እኔ እኮ ልታገቢ ነው ብዬ ዕልል ልል ነበር» አለች አበሩ፣ የኦሸሪት እናት። «ለካ ሌባ ልትይዢብኝ ኖሯል የጠራሽኝ።»

«እማ፣ እዚህ ማንም አያውቅሽም። አባ ዳኘው ዘንድ ሄደሽ፣ ‹አሽዶድ ዲራ አለኝ፣ ልጄን ልድር ነው› ትያቸዋለሽ። ዘርሽን ትቆጥሪላቸዋለሽ። አንዱን ስም ብቻ ትቀይሪዋለሽ።»

አበሩ ቆጣ አለች። «ዘር በውሸት አይቆጠርም። አባቴን ሌላ ሰው ወለደው ልበል? አላደርገውም።»

«ሌላ ሰውም ሊጎዳ ነው እኮ፣ እማ።»

አበሩ በጣቶቿ ቆጠር ቆጠር አደረገች። «እሺ። አራተኛው ላይ ስደርስ በአያቴ እናት በኩል እዞራለሁ። እነሱም አባቶቼ ናቸው፤ አልዋሸሁም። ግን በዚያ መንገድ የቆጠረ ሰው በቤታችን የለም። ወንድሞቼ እንኳ ቢጠየቁ በዋናው ነው የሚቆጥሩት።»

ኦርናን ማስተባበር ከአበሩ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር፤ ሰንሰለቱ ላይ ሐሰተኛ ነገር አላሰፍርም ብላ ተሟገተች። «የሰው ቤት ሲዘረፍበት የሰፈረው እውነተኛ ነው?» ስትላት ግን መዝገቡን ከፈተች። ፖሊስ የያዘው አንድ ባዶ ዲራ በአበሩ ስም ተመዘገበ፤ ቁልፉም እነዚያ ሰባት ስሞች ሆኑ። አበሩ አባ ዳኘው ፊት ቆማ ቆጠረች። አባ ዳኘውም ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና መረቋት።

ሳምንትም አልሞላ። ኦርና ደወለች። አንድ ሰው የአበሩን ዲራ መዝገብ ለመክፈት እየሞከረ ነው፤ እሷም ማሽኑን «ድገም» እያሰኘች አቆይታዋለች፤ ስልኩ ያለው የአባ ዳኘው ልጅ ኤሊራን የድለላ ቢሮ ውስጥ ነው። ኦሸሪትና ናፍታሊ በሩን ከፍተው ሲገቡ ኤሊራን ስልኩን ወደ አባቱ አፍ አስጠግቶ ይዟል። እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፤ የአያት ስም በአፉ አይሞላም። ስለዚህ የሚናገሩት አባ ዳኘው ራሳቸው ነበሩ። አራተኛውን አልፈው፣ በአያት እናት በኩል ዞረው፣ ስድስተኛው ላይ ደርሰዋል።

«ይጨርሱት፣ አባ» አለች ኦሸሪት። «አንድ ይቀርዎታል።»

አባ ዳኘው አልጨረሱትም። የፖስታ ሣጥኑ ድርጅት የኤሊራን ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ሁለት ዲራዎችም በእጁ ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው መቀማታቸውን እንኳ ገና አልሰሙም።

«እንዴት ደረሱበት?» አለቻቸው ጣቢያው ውስጥ። ከንዴቷ የተነሣ መቀመጥ አልቻለችም። «ሽማግሌዎቹ ምን እንደመረጡ ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝ። እኔም እዚያው ሞአዶን ተመዝግቤ የለ? ልጁ ‹የማትረሳውን ምረጥ› ሲለኝ አፌ በራሱ የአባቶቼን ስም አወጣ። ያን ጊዜ ሁሉም እንደዚሁ እንዳሉ ገባኝ። ልጄም ድለላው ከስሮበት ነበር።»

«እና መታወቂያሽን መልሽ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»



አባ ቢምረው ሰውየውን ካላየሁ ብለው ስለ ጸኑ አስገባቻቸው። ስለ ቤታቸው የሚጮኹ መስሏት ነበር። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ዳኘው» አሉ። ከዚያ በፊት አንቱ ሳይሉ ጠርተዋቸው አያውቁም። «ልጆቹ ዘመድ ናቸው ወይስ አይደሉም?»

አባ ዳኘው መሬት መሬት አዩ። «አይደሉም። እስከ ሰባት አይገናኙም።»

«ለአንድ ዲራ ብለህ ዘር ዋሸህ። ቤት ብትሰርቅ ሌባ ነህ፤ ሌባ ድሮም አለ። አንተ ግን ‹ይሁን› ስትል ያጋባናቸው አሉ፤ ‹አይሁን› ስትል ያለቀሱ አሉ። አሁን የትኛው እውነት የትኛው ውሸት እንደነበረ ማን ይነግረናል? ልጆች ወልደዋል እኮ። በየቤቱ አልጋ ውስጥ ነው የገባህ።» ኦሸሪት ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ናፍታሊ አማርኛ አይሰማም፤ ቢሆንም ምን አሉ ብሎ አልጠየቃትም።

ኤሊራን በገዛ ቁልፉ፣ ፖሊስ ፊት፣ ዲራውን መልሶ አስተላለፈ። አባ ቢምረው ኦርና ቢሮ ተጠርተው ስክሪኑ ላይ ያለውን ሬቩታል አነበበችላቸው። ቢምረው ሸጧል ይላል። ከሥሩ ደግሞ ለቢምረው ተመልሷል ይላል።

«ሸጧል የሚለውን ፋቂው» አሉ፤ ሬቩታል ተረጎመችላት።

«አይፋቅም» አለች ኦርና፣ ዓይናቸውን ሳታይ። «የተመለሰ መሆኑ ግን ሁሌም ይታያል።»

«እኔ አልሸጥኩም። ያላደረግኩትን አደረገ ተብሎ ለዘላለም ሊጻፍብኝ ነው? የልጅ ልጆቼ ሲያነቡ፣ አያታችን ቤቱን ሽጦ ኋላ የተጸጸተ ነው ሊሉ ነው?»

ሬቩታል ተረጎመችላት። ኦርና «ይቅርታ» አለች። ከዚያ አዲስ ሰባት ቃል እንዲመርጡ ጠየቀቻቸው፤ ለማንም ተናግረውት የማያውቁትን። አባ ቢምረው ቆይተው «በዕድሜዬ ሙሉ ለሰው የማልናገረው ነገር ኖሮኝ አያውቅም» አሉ። ብቻቸውን ግማሽ ቀን ያህል ተቀምጠው አንድ ነገር አገኙ። ምን እንደሆነ ሬቩታልም እስከ ዛሬ አታውቅም።

አዲኤል ዳግመኛ ሽማግሌ ላከ። በዚህ ጊዜ ኦሸሪትና አበሩ ከሴቶቹ ወገን ተቀምጠዋል። ቤቱ ሞልቷል፤ ሰው ግን እርስ በርሱ ይተያያል። ተራው የአባ ቢምረው ሲደርስ ከአዲኤል ወገን አንዱ ሽማግሌ ተነሣና መስኮቱን መዝጋት ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«ዘመኑ ክፉ ነው፣ አባ። ቀስ ብለው፣ ለእኛ ብቻ ይቁጠሩት። በመንገድ ሰው ያልፋል።»

ሰው ሁሉ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ኦሸሪት እንኳ ነቀነቀች።

አባ ቢምረው ብድግ አሉና መስኮቱን መልሰው ወለል አድርገው ከፈቱት። ፊታቸው በቁጣ ቀልቷል።

«የሰረቀኝ ያንሾካሹክ» አሉ። «እኔ አባቶቼን አላንሾካሹክም።»

ከራሳቸው አባት ጀመሩ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ቀና እያለ እስኪያይ ድረስ፣ እየጮኹ፣ ሰባቱንም አንድ በአንድ ቆጠሩ።